ለሚያስፈልገው ሳይደርስ፣ ለማያስፈልገው የሚታደል መድኃኒት

ሕፃኑ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። እናቱ በአንቀልባ አዝላው፣ ከአያቱ ጋር ዳገቱን ወጥተው ከቀበሌው ጤና ኬላ ሲደርሱ ረፋድ ሆኗል። ሳሉ ከጀመረው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሌሊቱን ደግሞ ሰውነቱ ሲግል አድሯል።

«ብርድ ነው የመታው ልጄ» አሉ አያትየው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። «ዳማከሴ ጨምቄ ሰጥቼው ነበር፤ አልለቀው አለ እንጂ።»

«እሺ እማማ፤ እስቲ እኔም ልየው።»

ባለሙያዋ ወደ መድኃኒት መደርደሪያው አልሄደችም። መጀመሪያ እናትየዋን ጠየቀቻት። ጡት ይጠባል? የጠባውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንዘፍዝፎታል? ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል? እናትየዋ ትንሽ ትንሽ እንደሚጠባ፣ እንዳላስመለሰውና እንዳላንዘፈዘፈው ነገረቻት። ሕፃኑ ማልቀሱን እስኪያቆም ጠበቁ። ከዚያ ልብሱ ተገለጠ፤ ባለሙያዋ ዓይኗን ከሆዱና ከደረቱ ላይ ሳትነቅል፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይዛ ትንፋሹን ቆጠረች።

«ሃምሳ ስምንት» አለች። «እህቴ፣ ልጁ የሳንባ ምች ይዞታል። ግን በጊዜ መጥተሻል፤ እዚሁ መድኃኒት እንሰጠዋለን።»

እንዲህ ያለው ምርመራ በገጠር ኢትዮጵያ በብዙ ሺህ ጤና ኬላዎች የሚከናወን የዘወትር ሥራ ነው። ኤክስሬይ የለበትም፤ የደም ምርመራም የለበትም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሚገድለውን በሽታ ከተራ ጉንፋን ለመለየት ግን በጤና ኬላ ደረጃ ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አልተገኘም። መድኃኒቱም ርካሽና የታወቀ ነው፤ በጥቂት ውኃ የምትሟሟ የአሞክሳሲሊን ክኒን።

ያንኑ አሞክሳሲሊን ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በከተማ መድኃኒት ቤት መስኮት፣ ጉንፋን ብቻ የያዘው ጎልማሳ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገዛዋል። የዚህ ዘገባ ጉዳይም ይኸው ነው፤ አንድ መድኃኒት ከሚያስፈልገው ሕፃን ሳይደርስ፣ ለማያስፈልገው ሰው እንዴት በቀላሉ እንደሚደርስና ሁለቱም ጥፋቶች ምን እንደሚያስከፍሉን።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ሳንባ በተህዋስያን ሲጠቃ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። አየር የሚገባበት ቦታ ሲጠብ፣ ሰውነት የጎደለውን ኦክስጅን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ይህን ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ሊቆጥረው ይችላል።

ቆጠራን የሕክምና መመሪያ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ፍራንክ ሻንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በዚያ ተራራማ አገር ሐኪምና ኤክስሬይ ጥቂት፣ የሚያስሉ ልጆች ግን እጅግ ብዙ ነበሩ። ለሚያስለው ሁሉ ፔኒሲሊን መስጠት አይቻልም፤ ከሁሉም መከልከል ደግሞ መግደል ነው። ስለዚህ የትኛው ምልክት በሽተኛውን ከጤነኛው እንደሚለይ መረመሩ። ካገኟቸው መልሶች ዋነኞቹ የአተነፋፈስ ፍጥነትና የደረት መሰርጎድ ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሐሳብ አዳብሮ ለዓለም አሰራጨው። ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ኬላዎች የሚሠራበት ልኬት እንዲህ ነው፦ ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው ይባላል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም ሳንባው እየተቸገረ መሆኑን ያሳያል።

መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንዘፈዘፈው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ግን ጊዜ የለውም። የመጀመሪያውን መድኃኒት እዚያው ወስዶ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መላክ አለበት። ከሁለት ወር በታች የሆነ ጨቅላም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም መጥባት ካቃተው እንደ ከባድ ሕመምተኛ ይታያል።

መንደር ድረስ የወረደው ክኒን

ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወባና ተቅማጥ እንዲያክሙ ሲፈቀድላቸው፣ የሳንባ ምች ያለበትን ልጅ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም። ፀረ ባክቴሪያ በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ቢገባ ያላግባብ ይበተናል፣ ተህዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዳሉ የሚል ስጋት ነበር።

ስጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ነገር ግን በሌላው ሚዛን ላይ ሕፃናት ነበሩ። የታመመ ልጅ አዝላ ለሰዓታት መጓዝ ያለባት እናት ገበያ ቀን እስኪደርስ፣ ባልዋ እስኪመለስ ወይም ገንዘብ እስኪገኝ ስትጠብቅ በሽታው አይጠብቃትም። የሳንባ ምች ሕፃንን በጥቂት ቀናት ሊገድል ይችላል። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችም የሠለጠነ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ትንፋሽ ቆጥሮ ፀረ ባክቴሪያ ሲሰጥ፣ በሳንባ ምች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከሲሶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዚህ መነሻ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደ።

በመጀመሪያ ይሰጥ የነበረው ኮትሪሞክሳዞል ነበር። በኋላ በእሱ ቦታ የተሻለ ውጤት ያለው፣ ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀው የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ተተካ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሻሻለው መመሪያ ደግሞ ደረታቸው የሚሰረጉድ፣ ነገር ግን ሌላ የአደጋ ምልክት የሌለባቸው ልጆችም አልጋ ሳይዙ በሚዋጥ አሞክሳሲሊን እንዲታከሙ መከረ።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2019 ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ለዚህ ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ ውኃውም፣ ትምህርቱም ድርሻ አላቸው፤ የመንደሯ ባለሙያ ክኒንም ከነዚህ ጋር ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት፣ የሳንባ ምች ዓይነት ምልክት ከታየባቸው ልጆች ውስጥ ሕክምና ወይም ምክር የተፈለገላቸው ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች ቤት ውስጥ ቀርተዋል። አንዳንዱ ጋ መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ጤና ኬላው ተዘግቶ ወይም መድኃኒቱ አልቆ ይጠብቃል፤ ሌላው ጋ «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ይባላል። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ልጁን ወደ እንጥል ቆራጭ መውሰድ አሁንም አለ። እንጥል መቁረጥ ሳልን አያድንም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ ከሁሉም በላይ ልጁ ሊድን የሚችልባቸውን ሰዓታት ያባክናል።

ክኒኗ ምን ትሠራለች?

ባክቴሪያ በዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ያለው ሕያው ሴል ነው። ሲያድግና ሲራባ ይህን ግድግዳ ያለማቋረጥ መገንባት አለበት። ፔኒሲሊንና የቅርብ ዘመዱ አሞክሳሲሊን የግድግዳውን ማያያዣ የሚሠራውን ፕሮቲን ይይዙታል። ማገር ሳይታሰርለት ጭቃ እንደተመረገ ቤት ግድግዳው ይላላና ባክቴሪያው በውስጡ ግፊት ፈንድቶ ይሞታል። የሰው ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ በሽተኛውን አያፈርስም። ቫይረስም ይህ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ አሞክሳሲሊን በቫይረስ ላይ የሚሠራው ምንም ነገር የለም።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ሻጋታ ባክቴሪያን ሲገድል አይቶ ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው። መድኃኒት ያደረጉት ግን ከዓመታት በኋላ በኦክስፎርድ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በየካቲት 1941 እ.ኤ.አ. አልበርት አሌክሳንደር ለተባለ በኢንፌክሽን ተመርዞ ሊሞት ለተቃረበ ፖሊስ መድኃኒቱን ሰጡት። በቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላትም ጀመረ። ነገር ግን የነበራቸው ፔኒሲሊን በጣም ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ቢሰጡትም አለቀ። በሽታው አገረሸ፤ በመጋቢት ሞተ። እነ ፍሎሪ የተማሩት ትምህርት ይህ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚያድነው በበቂ መጠንና በበቂ ጊዜ ሲሰጥ ነው።

ለዚህም ነው ባለሙያዋ የዘጠኝ ወሩን ሕፃን እናት «ጠዋትና ማታ፣ አምስት ቀን» ብላ ደጋግማ ያስነገረቻት። የመጀመሪያዋን ክኒን እዚያው በማንኪያ አሟሙታ እናትየዋ ራሷ እንድትሰጠው አደረገች። «ነገ ተነሥቶ ቢጫወትም እንዳታቋርጪበት። ከሁለት ቀን በኋላ አምጪልኝና እንደገና እቆጥረዋለሁ። እስከዚያ መጥባት ካቃተው ወይም ከባሰበት ግን ቀኑን አትጠብቂ።»

በመድኃኒት ቤቱ መስኮት

ከተማ ገብተን ሌላውን ገጽታ እንየው። ሰውየው ከሥራ ሲወጣ መድኃኒት ቤት ጎራ ይላል። አፍንጫው ይፈስሳል፣ ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል። «እህት፣ አንድ ስትሪፕ አሞክሳሲሊን ስጪኝ እስቲ።» ማዘዣ ይዞ እንደሆነ ስትጠይቀው «ሁልጊዜ የምወስደው ነው፣ ጉንፋን እኮ ነው» ይላታል። ብትከለክለው ከሚቀጥለው ሱቅ ይገዛል። ትሸጥለታለች። ሁለት ቀን ይውጥና ሲሻለው ያቆመዋል፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው ጉንፋን ወይም ለልጁ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል።

ጉንፋኑ የለቀቀው በአሞክሳሲሊኑ አይደለም። ጉንፋን የሚያመጡት ከ200 በላይ ዓይነት ቫይረሶች ናቸው፤ ሰውነት ራሱ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ያሸንፋቸዋል። ሳሉ ብቻ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ባክቴሪያ አለ ማለት አይደለም፤ ቀለሙ በሽታ ከሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎቻችን ይመጣል። ብዙው የመተንፈሻ ቱቦ ብግነትም ከቫይረስ የሚመጣ ነው። ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ትኩሳት ማብረጃ፣ ትኩስ ሻይ በዝንጅብልና በማር ይበቁታል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ብቻ ማር አይሰጥም።

በኮቪድ ዘመንም ብዙ ሰው አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ይወስድ ነበር። በእንግሊዝ በሺዎች በሚቆጠሩ የሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳየው መድኃኒቱ የሞት መጠንን አልቀነሰም።

ያለ ማዘዣ የሚገዛ ክኒን የሚደብቀው ሌላ ነገርም አለ። በአገራችን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ሰው ከአንድ መድኃኒት ወደ ሌላው እየተሻገረ ወራት ሲያሳልፍ ሳንባው ይጎዳል፤ አብረውት የሚያድሩትም ይያዛሉ። በተለይ ሌቮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ቲቢን ለጊዜው አዳክመው ምርመራውን ያዘገያሉ።

ፍሌሚንግ ያስጠነቀቀው

ፍሌሚንግ በታኅሣሥ 1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ፔኒሲሊን እንደልብ በሱቅ የሚገዛበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ገለጸ። አንድ ጉሮሮውን የታመመ ባል ከሱቅ ገዝቶ፣ ተህዋሱን ለመግደል ሳይበቃ መድኃኒቱን እንዲለምድ ለማድረግ ግን የሚበቃ ጥቂት መጠን እንደሚወስድ፣ ከዚያም የለመደው ተህዋስ ወደ ሚስቱ ተላልፎ በሳንባ ምች ስትታመም መድኃኒቱ እንደማይሠራላትና እንደምትሞት በምሳሌ ተናገረ።

ይህ ከመሆን አልቀረም። ለሳንባ ምች ዋነኛ መነሻ የሆነው ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በፔኒሲሊን በቀላሉ ይሞት ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን መቋቋም የቻለ ዝርያ አውስትራሊያ ውስጥ ተዘገበ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ሆስፒታሎች ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል።

ክኒን በዋጠ ሰው አንጀትና ጉሮሮ ውስጥ በሽታ የማያመጡ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲያጠፋ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፤ ይራባሉ፤ በሳል፣ በእጅና በምግብ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የመድኃኒት መላመድ የወሰደው ሰው የግል ጉዳይ ሆኖ የማይቀረውም ለዚህ ነው። ያላግባብ የዋጠው አባት ነው፤ መድኃኒቱ እንቢ የሚለው ግን በልጁ ወይም በጎረቤቱ ላይ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በሦስት መደቦች ከፍሏቸዋል። አሞክሳሲሊን በቅድሚያ ሊሰጡ ከሚገባቸው መደብ ነው። አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪያክሶን በጥንቃቄ ሊያዙ ከሚገባቸው ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው መደብ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ የመጨረሻ ተስፋ ነው። ለተራ ሳል አዚትሮማይሲን፣ ለቀላል ሕመም የሴፍትሪያክሶን መርፌ ስንጠይቅ ከሁለተኛው ካዝና እያወጣን ነው።

መከልከል የሌለበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ሰምቶ ፀረ ባክቴሪያን መፍራት ሌላ ስሕተት ነው። የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከቫይረስ ቢመጣም፣ በተለይ በልጆች ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ሲመጣ ሳይታከም ከቀረ የቁርጥማት ትኩሳት አስከትሎ የልብን ክፍተቶች የሚዘጉትንና የሚከፍቱትን ክዳኖች ሊያበላሽ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በወጣትነታቸው ለልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ የዚህ በሽታ ተጠቂዎች ናቸው። በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከላከላል። ልቡ አንድ ጊዜ የተጎዳ ልጅ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ ለዓመታት ማቋረጥ የለበትም።

አዋቂም ቢሆን ከትኩሳት ጋር ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ሲወጋው፣ ደም የቀላቀለ አክታ ሲተፋ ወይም ግራ ሲጋባ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ለአረጋውያን፣ ለስኳር፣ ለልብና ለኤችአይቪ ሕሙማን መዘግየቱ የበለጠ አደገኛ ነው።

የጠናበት ሕመምተኛ ደግሞ ከክኒን በላይ ይፈልጋል። ሆስፒታል ውስጥ ለልጆች አምፒሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ከጄንታማይሲን ጋር በመርፌ ይሰጣል። ነገር ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያውን እስኪያሸንፍ ሕይወትን የሚያቆየው ኦክስጅን ነው። ኢትዮጵያ ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኦክስጅንና በጣት ላይ የሚደረግ የደም ኦክስጅን መለኪያ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥታ የሠራችው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። ሥራው አላለቀም፤ ኦክስጅን በሌለበት ሆስፒታል ምርጡ ፀረ ባክቴሪያም ብቻውን ልጅ አያድንም።

በሽታው ሳይመጣ

ከሁሉ የሚሻለው ልጁ መድኃኒት እንዳያስፈልገው ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ ሂብ የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከለውን ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስን ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ መደበኛው መርሐ ግብር አስገብታለች። ሁለቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣሉ። በዘጠኝ ወር የሚጀመረው የኩፍኝ ክትባትም ኩፍኝን ተከትሎ ከሚመጣው የሳንባ ምች ያድናል። የተከተበ ልጅ ያነሰ ይታመማል፤ ያነሰ ከታመመ ያነሰ ፀረ ባክቴሪያ ይወስዳል፤ ተህዋሱም መድኃኒቱን የሚለምድበት ዕድል ይጠባል።

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ማጥባት፣ ከዚያም ልጁን በደንብ መመገብና እጅን በሳሙና መታጠብ ተጨማሪ ጋሻ ናቸው። ሕፃንን አዝሎ በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ መጋገር ግን ሳንባውን ለበሽታ ያጋልጠዋል፤ ልጁን ከጭሱ ማራቅ፣ የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም፣ መስኮት መክፈት ዛሬውኑ የሚቻሉ ነገሮች ናቸው።

የቀረው የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲያስል ደረቱን ገልጣችሁ እዩ፤ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ከተሰረጎደ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ውሰዱት። የታዘዘለትን ቆጥራችሁ ጨርሱለት፤ የሌላ ሰው ትራፊ ክኒን አትስጡት። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ያለ ማዘዣ የመጣን ሰው መክራችሁ መመለስ ገበያ ቢያሳጣችሁም ሙያችሁ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መንግሥትም ጤና ኬላዎች ክፍት፣ መደርደሪያዎቻቸውም ሙሉ እንዲሆኑ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ በአቅራቢያው ሕክምና ያጣን ሰው ከሱቅ ለምን ገዛህ ብሎ መውቀስ አይቻልም። አሞክሳሲሊን ዛሬም ልጆቻችንን ያድናል። ነገም እንዲያድናቸው ከፈለግን ለሚያስፈልገው በጊዜው እናድርስ፤ ለማያስፈልገው እንከልክል።